አትገባም የምትባለው ኳስ

በተማሮች መካከል ስለ ፑል ጨዋታ የሚነገረው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን፣ «ፑል ቤት የሥራ ፈቶች መዋያ ነው፤ እዚያ የሚገባ ተማሪ ውጤቱንም ገንዘቡንም ጥሎ ይወጣል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያጠና ውሎ ማታ አንድ ሰዓት ቢጫወት ምን ነውር አለበት?» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም የተናገሩት ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ቤቱ እንጂ ስለ ጨዋታው አይደለም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለመናገር የፈለግሁት ስለ ጨዋታው፣ ይልቁንም በጨዋታው ዳር ስላለች አንዲት ትንሽ ልማድ ነው። ይህችውም ልማድ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ኳሶቹን በእጅ አንሥቶ ከማይመች ቦታ አስቀምጦ፣ «እስቲ ይህችን አግባ!» ማለት ናት።

የምለውም በአጭሩ ይህ ነው። ከፑል ጨዋታ ሁሉ ተማሪን ከልብ የሚጠቅመው ይኸው አስቸጋሪ ኳስ ማዘጋጀት ነው፤ እኛ ግን አልፎ አልፎ ለፉከራ ያህል እናደርገዋለን እንጂ እንደሚገባ አናደርገውም። እንደሚገባ ብናደርገው ኖሮ ከጠረጴዛው አልፎ ለትምህርታችንም የሚተርፍ ነገር ባገኘንበት ነበር።

አሰላን የሚያውቅ ሰው የማታ ብርዷን ያውቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ ሰውን ሁሉ ከመንገድ ያስገባዋል። ቤተ ሰቡ ሩቅ አገር የሆነ ተማሪም፣ ሥራ ፈልጎ ያጣ ወጣትም፣ ጣራ ያለው፣ መብራት ያለው፣ ሰው ያለበት ቦታ ይፈልጋል፤ ፑል ቤቱ ደግሞ ሦስቱንም ይሰጠዋል። ጠረጴዛው አንድ ወይም ሁለት ነው። ጨርቁ ከመካከሉ ሳስቷል፤ ወለሉ ስላልተስተካከለም ከአንደኛው እግር ሥር የተጣጠፈ ካርቶን ገብቷል። ሕጉም ለሁሉ የታወቀ ነው። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ ተራ የሚጠብቅ ግድግዳውን ተደግፎ ይመለከታል።

ይህን ሕግ እስቲ ጠጋ ብለን እንመርምረው። የሚችለው ሰው ማታውን ሙሉ በነፃ ይጫወታል። የማይችለው አንድ ጊዜ ይጫወትና ከፍሎ አንድ ሰዓት ይቆማል። እንግዲህ መለማመድ የሚያስፈልገው ሰው ከሁሉ ያነሰ ጊዜ መምቻውን ይጨብጣል፣ ከሁሉ የበለጠ ገንዘብም ያወጣል ማለት ነው። ለባለቤቱ ጥሩ ሕግ ሊሆን ይችላል፤ ለተማሪ ግን መጥፎ ትምህርት ቤት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በጨዋታ ጊዜ ማንም ሰው የሚመርጠው ቀላሏን ኳስ ነው። የሚጫወተው ለማሸነፍ ስለሆነ ይህ ምርጫው አያስወቅሰውም። አስቸጋሪዋ ኳስ የምትመጣው ሳይታሰብ ነው፤ በመጣችም ጊዜ ተጫዋቹ በጥድፊያ ይመታታል። ሳትገባ ብትቀር «ዕድሌ ነው» ይላል፤ ብትገባም እንዴት እንደ ገባች አያውቅም። ኳሶቹ ተበታትነዋልና ያንኑ ቦታ መልሶ ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህ ከመሳቱም ከማግባቱም ሳይማር ይቀራል። በእጅ የተቀመጠች ኳስ ግን ከዚህ የተለየች ናት። ቢስታት እዚያው ቦታ ይመልሳታል። ዐሥር ጊዜ ቢስታት ዐሥር ጊዜ ይመልሳታል። ያን ጊዜ ዕድልን መክሰስ ይቀራል፤ ተከሳሹ ክንዱ ወይም ዐይኑ ብቻ ይሆናል።

ይህን ልማድ ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር፣ ሁላችንም በልጅነታችን በምድጃ ዳር የተጫወትነውን እንቆቅልሽ ያስታውስ። «እንቆቅልሽ!» ሲባል «ምን አውቅልሽ!» እንላለን። መልሱን ያጣ ሰው አገር ይሰጣል። ነገር ግን ይህ ጨዋታ አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፤ ጠያቂው መልሱን ማወቅ አለበት። መልስ የሌለው እንቆቅልሽ የጠየቀ ልጅ አገር አይቀበልም፤ ይልቅስ ይሳቅበታል። የፑል ቤቱም ክርክር እንዲሁ ነው። አንዱ ኳሷን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሲል፣

«አንተ፣ ይህችማ አትገባም!»

«ትገባለች።»

«እንግዲያው ራስህ አግባና እንይ!»

ይባባላሉ። የጥበቡ ሕግ በሙሉ በዚህች በመጨረሻዋ ቃል ውስጥ አለ። አስቸጋሪ ኳስ ማስቀመጥ ማለት ሰውን ማስቸገር ማለት አይደለም። ነጯን ከአንድ ጥግ፣ ሌላዋን ከሌላ ጥግ ሸጉጦ፣ በመካከሉ ስድስት ኳስ መደርደር ማንም ይችላል። የማይቻል ነገር ማዘጋጀት ዕውቀት አይጠይቅም። ዕውቀት የሚጠይቀው፣ የማይቻል የሚመስል፣ ነገር ግን የሚቻል ነገር ማዘጋጀት ነው።

ስለዚህ አዘጋጁ ሦስት ግዴታዎች አሉበት እላለሁ። አንደኛ፣ ያስቀመጣትን ኳስ ራሱ ማግባት፣ ወይም ቢያንስ በየት በኩል እንደምትገባ ማስረዳት ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ቦታዋን በጠመኔ ነጥብ ምልክት አድርጎ፣ የሳተው ሰው እዚያው ሊመልሳት እንዲችል ማድረግ አለበት። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ችግር ብቻ ማቅረብ ይገባዋል። ርቀትም፣ ጠርዝም፣ ከለላም ባንድነት ከተደራረቡ የሳተው ሰው የቱን እንደ ሳተ አያውቅምና።

እንግዲህ ነገሩ በወሬ ብቻ እንዳይቀር፣ ማንም ሊሞክራቸው የሚችሉ አራት ኳሶች ልዘርዝር።

የመጀመሪያዋ ከሁሉ ቀላል የምትመስለው ናት። ነጯ ከአንድ ጥግ አጠገብ፣ ሌላዋ ከጠረጴዛው መካከል፣ ቀዳዳው ከነጯ ትይዩ ካለው ጥግ። ሦስቱም በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ናቸው፤ የሚከልልም የለም። ተመልካቹ «ይህች ምን ትቸግራለች?» ይላል። ሆኖም የፑል ኳስ ስፋት 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ነጯ ከሌላዋ አንድ ሜትር ርቃ ከተቀመጠች በአነጣጠር ላይ ያለው ስሕተት በምትመታው ኳስ አካሄድ ላይ ከ16 እጥፍ በላይ ሆኖ ይወጣል። ግማሽ ዲግሪ የሳተ ሰው ኳሷን ከ8 ዲግሪ በላይ ያሳስታታል ማለት ነው። በዚህም ላይ ነጯ ከመታች በኋላ በቦታዋ ቀጥ ብላ እንድትቆም እንጠይቅ። ይህ የሚሆነው ነጯ ከመካከሏ ጥቂት ዝቅ ብላ ተመትታ፣ ስትደርስ ሳትንከባለል እየተንሸራተተች የደረሰች እንደ ሆነ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጉዞዋን ሁሉ ለሌላዋ አስረክባ ትቆማለች። እጁ የተንቀጠቀጠ ሰው በዚህች ኳስ ፊት መደበቂያ የለውም።

ሁለተኛዋ ከረጅሙ ጠርዝ ጋር ተጣብቃ የተቀመጠች ኳስ ናት። ነጯ ከጎን መጥታ ኳሷንና ጠርዙን ባንድ ቅጽበት ልትነካ ይገባል። ትንሽ ብትቀድም ኳሷ ከጠርዙ ተላቃ ትሄዳለች። እዚህ ላይ የሚፈተነው ኀይል ሳይሆን ዐይን ነው። ቀስ ብሎ የመታ ያገባል፤ ለማስደንገጥ የመታ ይስታል።

ሦስተኛዋ የተከለለች ኳስ ናት። በነጯና በምትፈለገው ኳስ መካከል ጥቁሯ ቆማለች፤ በቀጥታ መድረስ አይቻልም፤ የቀረው መንገድ በጠርዝ ዞሮ መምጣት ነው። ጀማሪው በግምት ይመታል። የሚያስብ ሰው ግን ጠርዙን እንደ መስታወት ይቆጥረዋል። ኳሷ ከጠርዙ ወዲህ ስንት ስንዝር እንደ ራቀች ይለካና፣ ከጠርዙ ወዲያ ያንኑ ያህል ርቃ የቆመች ሌላ ኳስ እንዳለች አድርጎ በልቡ ይሥላል። ከዚያም ወደዚያች ወደማትታየው ኳስ በቀጥታ ያነጣጥራል። ነጯ እንደ ብርሃን በገባችበት ማዕዘን ልክ ትመለሳለች። ነገር ግን በኀይል ከተመታች ጠርዙ ተጨምቆ አቅንቶ ይመልሳታል፤ ወደ ጎን ከተሽከረከረችም መንገዷን ትለውጣለች። እንግዲህ መጽሐፉ ደንቡን ይሰጣል፤ ጠረጴዛው ደግሞ ደንቡ የት ላይ እንደሚሰበር ያስተምራል።

አራተኛዋ በሰንሰለት የምትሄደው ናት። ነጯ አንዷን፣ አንዷ ሌላዋን መትታ ሌላዋ ትገባለች። በመጀመሪያዋ ኳስ የተናገርነው የስሕተት መብዛት እዚህ ሁለት ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ ሁለቱ ኳሶች እጅግ ካልተቀራረቡ በቀር ይህችን ማስቀመጥ መልስ የሌለው እንቆቅልሽ መጠየቅ ይሆናል። ነጯን በሌላ ኳስ ላይ ስለ ማዝለል ግን አልናገርም። ጨርቁን የሚቀድ ነውና፣ የቤቱ ባለቤት መምቻውን ተቀብሎ በዚያው መምቻ መልስ ይሰጣል።

«የአርትስ ተማሪ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ማዕዘን የሚጽፈው?» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። የጂኦግራፊ ተማሮች ስሙን ከነፋስ አካሄድ ጋር የሚያነሡት ኮሪዮሊስ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1835 ስለ ቢልያርድ ኳሶች መሽከርከርና መጋጨት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ሊቁ ወደ ጨዋታው መውረድ ካላሳፈረው፣ እኛ በጨዋታው በኩል ወደ ሊቁ መውጣት ለምን ያሳፍረናል? በአገራችንም ቢሆን ስሙን ከጣልያንኛ ያገኘው ከረምቡላ ከፑል በፊት ታላላቆቻችን በትዕግሥት የተጫወቱት ነው። ቀዳዳ በሌለው ጠረጴዛ ላይ የኳስን መንገድ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ አስቀድሞ ማየት ለእነርሱ አዲስ ነገር አልነበረም።

አሁን ከሁሉ የበረታውን ተቃውሞ እንስማ። «እውነተኛ ተጫዋች አስቸጋሪ ኳስ አይመታም፤ ጥበቡ ሁልጊዜ ለራሱ ቀላል ኳስ ማስቀረት ነው» የሚሉ አሉ። ለዚህም ታላቅ ምስክር አላቸው። አሜሪካዊው ዊሊ ሞስኮኒ በ1946 ዓ.ም. በኦሃዮ፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ 526 ኳሶች አንድም ሳይስት በተከታታይ አግብቷል። ይህም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ክብረ ወሰን ሆኖ ኖረ። ያን ያህል ኳስ ማግባት የሚቻለው እያንዳንዷ ኳስ ለምትከተለው ቀላል ቦታ እያዘጋጀች ስትሄድ ብቻ ነው። እውነት ነው፣ አልክድም።

ነገር ግን እንጠይቅ፤ ቀላሉን መንገድ የሚመርጥ ሰው ከባዱ የት እንዳለ በምን አወቀ? ገደሉን ያየ ሰው ነው በዳሩ ተጠንቅቆ የሚሄደው። ሞስኮኒም ቢሆን በየከተማው እየዞረ ሕዝብን ያስገረመው አስቸጋሪ ኳሶችን አዘጋጅቶ በማሳየት ጭምር ነው። ደግሞም የቱንም ያህል ቢታቀድ ጨዋታ አንድ ቀን ሰውን ከማይመች ቦታ ይጥለዋል። ፊሊፒናዊው ኤፍሬን ሬየስ በልጅነቱ በማኒላ በአጎቱ ፑል ቤት ውስጥ አደገ፤ ቁመቱ ወደ ጠረጴዛው ስለማይደርስ የኮካ ኮላ ሣጥን ላይ እየቆመ ይለማመድ ነበር። በ1991 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ይህ ሰው «አስማተኛው» የሚል ስም ያተረፈው፣ ሌሎች መውጫ የለውም ካሉት ቦታ በጠርዝ በኩል መውጫ እያገኘ ነው። እኔ ግን አስማት አልለውም። ብዙ ጊዜ አስቀምጧቸው የሚያውቃቸው ቦታዎች ነበሩ እንጂ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአርሲን ደጋ ዓለም የሚያውቀው በሩጫ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1965 ዓ.ም. በአሰላ አካባቢ ተወለደ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ ወገን ናቸው። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትር ስታሸንፍ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪቃዊት ሴት ሆነች። ኃይሌ በ1993 ዓ.ም. መባቻ በሲድኒ ፖል ቴርጋትን የቀደመው ከሰከንድ ዐሥረኛ በማይሞላ ጊዜ ነበር። ስለ ኃይሌ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጠቀሰው በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት መሮጡ ነው። ሰዎችም ከዚህ ተነሥተው «ችግር አሠለጠነው» ይላሉ።

እኔ በዚህ አነጋገር አልስማማም። በዚህ ደጋ ረጅም መንገድ እየሮጠ የተማረ ልጅ አንድ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ናቸው። ከእነርሱ የሚበዙት ያተረፉት ድካም ነው፤ አንዳንዶቹም ከመንገዱ ርቀት የተነሣ ትምህርታቸውን ትተዋል። ሳይመርጡት የወደቀብን ችግርና መርጠን ያዘጋጀነው ችግር አንድ አይደሉም። በቆጂ ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗ ለሁሉም ልጆቿ እኩል ነው። ልዩነቱን ያመጣው እንደ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ያለ ሰው ማልዶ ተነሥቶ፣ ልጆቹን ወደ ደኑና ወደ ዳገቱ ወስዶ፣ ዛሬ ይህን፣ ነገ ከዚህ ጥቂት የሚከብደውን እያለ በልክ ስላስቀመጠላቸው ነው። ድህነት አሠልጣኝ አይደለም። አሠልጣኝ ማለት ችግርን በልክ የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከስንዴ ማሳ ነው። ከአሰላ አጠገብ ያለውን የቁሉምሳ እርሻ ምርምር ማዕከል የማያውቅ የአርሲ ሰው የለም። ተመራማሪዎቹ አዲስ የስንዴ ዝርያ ዋግን ይችል እንደ ሆነ ሲፈትኑ፣ ዋግ እስኪመጣ ተቀምጠው አይጠብቁም። በበሽታው ቶሎ የሚጠቃ ስንዴ ሆን ብለው በመደዳው መካከል ይዘራሉ። ያ ስንዴ ታምሞ በሽታውን ለጎረቤቶቹ ሁሉ እንዲያዳርስ ይደረጋል፤ የቆመው ይመረጣል፣ የወደቀው ይጣላል። ለቢጫ ዋግ መፈተኛም ብርድና እርጥበት የሚበዛበትን፣ በበቆጂ በኩል ያለውን የመራሮን ደጋ መርጠዋል። እንግዲህ ከፑል ቤቱ ጠረጴዛ ይህ በምን ይለያል? ከባዱን ኳስ በእጅ ማስቀመጥ ማለት ይኸው ነው።

ይህን ማድረግ ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ ገበሬው ያውቃል። በ2003 ዓ.ም. ምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በተነሣ ጊዜ ገበሬው ሁሉ ይዘራቸው የነበሩት ኩብሳና ገላማ የተባሉ ዝርያዎች ተመቱ። በእነርሱ ፈንታ ቢጫ ዋግን የሚችለው ዲገሉ ተስፋፋ። በ2006 ዓ.ም. ምርት ዘመን ደግሞ ዲገሉን ሌላ ጠላት፣ የግንድ ዋግ መጥቶ ጣለው። በአንድ ዓይነት ፈተና ያለፈ ሁሉ በሌላው ያልፋል ማለት አይደለም። ረጅሟን ቀጥታ ኳስ ብቻ የተለማመደ ተጫዋች ጠርዝ ላይ የተጣበቀች ኳስ ስትገጥመው እንዲሁ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ፈተናው ከባድ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ልዩ ልዩ መሆንም አለበት።

«ይህ ሁሉ መልካም፤ ነገር ግን በዚህ ሰበብ ተማሪውን ወደ ፑል ቤት ልትነዳው ነውን?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። በብዙ ቤቶች ጨዋታው በውርርድ እንደሚታጀብ፣ በጫትም እንደሚከበብ ሁላችንም እናያለን። ወላጅ ለምግብና ለወረቀት ብሎ የላከው ገንዘብ በአንድ ማታ ሲያልቅ ታይቷል። በትምህርት ቤት አጠገብ ያሉ ፑል ቤቶች ይዘጉ የሚለው ድምፅ በየከተማው በየጊዜው የሚነሣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጠንቁ ያለው «የተሸነፈ ይከፍላል» በሚለው ሕግ ላይ እንጂ በኳሷ ላይ አይደለም። አስቸጋሪ ኳስ በማስቀመጥ ውስጥ ደግሞ ተሸናፊ የለም። ያልቻለ ሰው ይማራል፤ የቻለ ያሳያል፤ ሁለቱም ከዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቆማሉ። ከፑል ውስጥ ቁማሩን አውጥቶ ትምህርቱን የሚያስቀረው ይህ ክፍል ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እኅቶቻችን ወደ ፑል ቤት አይገቡም፤ ቢገቡም የሚጠብቃቸው የዐይንና የአፍ ብዛት ይታወቃል። ከዚህ ደጋ ደራርቱና ጥሩነሽ ወጥተው ዓለምን አስከትለው ሳለ፣ ክንድና ዐይን ብቻ ለሚጠይቅ ጨዋታ «ይህ የወንድ ቦታ ነው» ማለት ከማሳፈር በቀር ምን ይባላል?

ስለዚህ ለተማሮች ማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በተማሮች መዝናኛ ክፍል አንድ የፑል ጠረጴዛ፣ አሮጌም ቢሆን ግድ የለም፣ ይቀመጥ። በሳምንት አንድ ማታ «የአስቸጋሪ ኳስ ማታ» ተብሎ ይወሰን። ገንዘብም ውርርድም አይግባበት። ተራ የደረሰው ወይም የደረሳት ሁሉ አንድ ቦታ ያዘጋጅ፤ ያዘጋጀውም ሰው ኳሷን በሦስት ሙከራ ማግባት ካልቻለ ቦታው ይሰረዝ። የተሳካው ቦታ በደብተር ላይ ተሥሎ ይያዝ። ይህችም መጽሔት ዜናና ማስታወቂያ በምታወጣበት ገጽ ላይ በየጊዜው አንዷን ኳስ ብትሥልልን፣ በሚቀጥለው እትም ደግሞ መልሷን ብታወጣልን፣ ብዙ አንባብያን መልሱን ለማየት ብለው ከፊተኛው ገጽ ጀምረው የሚያነቧት ይመስለኛል።

በመጨረሻም ከጠረጴዛው ወደ ክፍላችን ልሻገር። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ቅኔ እየሰማ ብቻ አይኖርም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ እስኪደርስ በየደረጃው ራሱ እየቆጠረ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ችግሩም ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ማንም ጀማሪን በመወድስ አይቀበለውም። እኛስ? የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ምረጡ ስንባል አስቀድመን የምንጠይቀው፣ «ባለፈው ዓመት ማን ምን ጻፈ?» ብለን ነው። ለቀዳዳው የቀረበችውን ኳስ ፈልገን እንመታለን፣ ከዚያም «ገባች!» እንላለን። የትምህርት ዓይነት ስንመርጥም የምንጠያየቀው ውጤት በቀላሉ የሚሰጠው የትኛው እንደ ሆነ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ፣ በየትኛውም ትምህርት ቤት ተማሪው ሁሉ በመውደቁ የሚኩራራ ፈታኝ ቢኖር፣ ያ ሰው መልስ የሌለው እንቆቅልሽ ጠይቆ አገር የሚጠብቅ ነው። ቀላሏን ብቻ የሚመታ ተማሪና የማይቻለውን ብቻ የሚያስቀምጥ ፈታኝ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም ከአንድ ነገር ይሸሻሉ። የሚሸሹትም ከባድ ሆኖ ከሚቻለው ነገር ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ጠረጴዛው እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ አያስፈልገንም። እያንዳንዳችን በምንማረው ትምህርት ውስጥ አትገባም የምንላት ኳስ አለችን። ለአንዱ ያልገባው ሒሳብ ናት፤ ለሌላዋ ስትሸሸው የኖረችው መጽሐፍ ናት፤ ለሌላው በሰው ፊት ቆሞ መናገር ነው። በዚህ ሳምንት አንዷን ብቻ አንሥተን፣ ሌላ ችግር ሳንደርብባት ከፊታችን እናስቀምጣት። ብንስታትም ወደዚያው ቦታዋ እንመልሳት።